ሰላምታው ሳያልቅ የተነሳው አለቃ

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ጠርቶ የሽኝት ግብዣ አደረገልኝ። ጥብስ ነበር፣ ለስላሳ መጠጥ ነበር፣ በወረቀት የተጠቀለለ የግድግዳ ሰዓትም ነበር። ሰዓቱን ሊሰጠኝ የመጣው ሰው አቶ ሳህሉ ሆኖ አረፈው። ከተያየን ብዙ ዓመት ሆኖናል፤ ፊቱን ሳየው ግን ትናንት የተለያየን ይመስል ደሜ ፈላ። ያን ቀን ምን እንደተባባልን መጨረሻ ላይ እናገራለሁ። አሁን ከጀመርኩት ንዴቴ ይቀድመኝና ሌላው ሁሉ ሳይነገር ይቀራል።

መንገሻ እባላለሁ፣ የወሬ ሰው ነኝ። የዛሬ ልጆች ዜና፣ ጋዜጠኛ ይላሉ። በእኛ ጊዜ ወሬ ነው፣ ቢሮውም ወሬ ክፍል ነው። የሰፈሩ ሴቶች "ወሬኛው መጣ" እያሉ ይስቁብኝ ነበር፤ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ጣሊያን በወጣ ማግስት ይርጋለም በጽሕፈት መኪና ጸሐፊነት ተቀጠርኩ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃል፣ ለሌላ አይበቃም። ከዚያ ወደ ነገሌ ቦረና ተዛወርኩ። እናቴ ቆላ ሊበላህ ነው ብላ አለቀሰች፤ እኔ ደግሞ ነገሌ ስደርስ አልተመለስኩም፣ እዚያው አገባሁ፣ እዚያው ወለድኩ።

ወሬ ክፍላችን ሁለት ክፍል ያላት የቆርቆሮ ቤት ነበረች። አንድ የጽሕፈት መኪና፣ ቀለሙ እጅ ላይ የሚቀር አንድ የማባዣ መኪና፣ ገበያው መሐል እንጨት ላይ የተሰቀለ አንድ ድምፅ ማጉያ። ወሬ እንሰበስባለን፣ እንጽፋለን፣ ኃላፊው ፈርሞ ማኅተም ሲያሳርፍበት በሬዲዮ መገናኛ ወደ አዲስ አበባ ይተላለፋል። በገበያ ቀን ደግሞ በድምፅ ማጉያው ለሕዝቡ እናነባለን። ከወደራ እስከ ሜጋ፣ ከሜጋ እስከ ሞያሌ ያለውን ወሬ የምንለቅመው እኛ ነን። የመንግሥት መኪና ሲገኝ በእሱ፣ ሲጠፋ ጭነት መኪና ላይ ወጥተን እንሄዳለን።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ገልገሎ ናቸው። በወረቀት ላይ አስተርጓሚ ይባሉ እንጂ ወሬ ክፍሉ እሳቸው ነበሩ። ተቀጣሪነታቸው በቀን ሒሳብ ስለሆነ ጡረታ የሚባል ነገር አይነካቸውም። ከብቶቻቸው ግን ሜጋ አካባቢ በታላቅ ወንድማቸው በጃተኒ እጅ ነበሩ። ስለ እርጅና ሲነሳ "የእኔ ጡረታ እዚያ ማዶ ሣር እየበላ ነው" ይሉ ነበር። ሲናገሩት ደስ ይላቸዋል። እኔም እሰማቸዋለሁ፣ ቀናሁባቸው ብል አላፍርም፤ የእኔ ጡረታ ወረቀት ነበር፣ የእሳቸው ጥጃ ይወልድ ነበር።

ጋሽ ገልገሎ ወሬ ሲፈልጉ አይጠይቁም። የከብት ተራው ጥግ፣ ጥላ ካለበት፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይቀመጣሉ። ከሩቅ የመጣ ሰው ያያቸውና ይጠጋል፤ ሰላምታ ይጀመራል። የቦረና ሰላምታ እንደ እኛ እንደምን አደርክ ተባብሎ ማለፍ አይደለም። አካም ይባላል። አንተ ሰላም ነህ? ናጋ። ቤተሰቡስ? ናጋ። ከብቱስ? ናጋ። ሣሩስ፣ ውሃውስ፣ መንገዱስ? ናጋ፣ ናጋ፣ ናጋ፤ ሁሉም ሰላም ነው ማለት ነው። ሰውየው ልጁን ቀብሮ የመጣ ቢሆን እንኳ አስቀድሞ ናጋ ይላል። ሰላም ሳይቀድም ክፉ ነገር አይወራም፣ ነውር ነው። ሰላምታው ሲያልቅ ዝም ይባላል። ትንባሆ ይቆነጠራል፣ ወተት ካለ ወተት ይመጣል። ጋሽ ገልገሎ መሬት መሬት እያዩ ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ሰውየው ጉሮሮውን ይጠርግና "እንግዲህ" ብሎ ይጀምራል፤ ወሬ የምንለው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ነው።

እኔ ይህን ሳላውቅ በመጀመሪያው ቀን እስክሪብቶዬን መዝዤ ተቀመጥኩ። ሰውየው ውሃው ናጋ ሲል ጻፍኩ፣ ከብቱ ናጋ ሲል ጻፍኩ። ጋሽ ገልገሎ መዳፋቸውን ወረቀቴ ላይ ጫን አደረጉና "ክተተው፣ ይኼ ገና ሰላምታ ነው" አሉኝ። ከተትኩት። ጥቂት ቆይቶ ያው ውሃው ናጋ ያለው ሰው የኤላው፣ የውሃ ጉድጓዱ ማለት ነው፣ ግድግዳ እንደተናደ፣ ወንዶቹ አፈር እያወጡ እንደሆነ፣ ከብቱ ውሃ ሳይጠጣ መዋሉን ነገረን።  ጋሽ ገልገሎ ግን እዚያ ላይ አላበቁም። የተነገራቸውን ሁሉ በኦሮምኛ መልሰው ለሰውየው ነገሩትና "እንዲህ ብለሃል ብዬ ልናገር?" አሉት። አንድ ቦታ አስተካከላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "አሁን ጻፍ" አሉ። ያን ቀን የተማርኩትን ሥራ እስከ ጡረታዬ ሠራሁበት።

የፊተኛው ኃላፊያችን ደረቅ ሰው ነበር፣ ሳቅ የሚባል አያውቅም፤ ግን ወሬ ስንሰጠው "ማን አየ?" ብሎ ይጠይቃል። ያየውን ሰው ስም ካልነገርነው አይፈርምም። ጋሽ ገልገሎን አንቱ እያለ፣ ወንበር እየሳበላቸው ነበር የሚያሠራቸው። እሱ ሲዛወር የሚተካው ማን ይሆን እያልን ሰነበትን፤ እኔ እንኳ ምናልባት እኔን ቢያደርጉኝ ብዬ ተስፋ ሳላደርግ አልቀረሁም። የመጣው አቶ ሳህሉ ነው።

አቶ ሳህሉ ምን ነበር? የእንግዳ ማረፊያ ኃላፊ። ትልቅ ሰው ሲመጣ በግ የሚያሳርድ፣ አልጋ የሚያስነጥፍ፣ በግብዣው መሐል ተነስቶ የሚያሞግስ። ማሞገሱን ማን ይችለዋል፣ ድምፁ ያምራል፣ ቃል አይቸግረውም። አንድ ቀን ያሞገሰው ሰው "ይህስ ወሬ ክፍል ይገባዋል" አለ፣ አለቀ። አልጋ ማስነጠፍን አልንቅም፣ ሥራ ነው። የእኛም ግን ሥራ ነው እኮ። ሥራውን የማያውቅ ሰው ዳቦ ቤት ቢሾም ዳቦው እንደሚያርር ሁሉም ያውቃል፤ ወሬ ሲሆን ግን ማንም ይችለዋል ይላሉ።

በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ሰበሰበንና "ወሬ ማለት ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው" አለን። ከዚያ በኋላ የተናገረው ሁሉ ይህችኑ ነው። ማንኛውም ወሬ በባለሥልጣን ስም መጀመር አለበት፤ ማን መጣ፣ ማን ተቀበለው፣ ምን ተበላ። የወደራ ድልድይ በጎርፍ ተወስዶ ገበያተኛው ወዲያ ማዶ ቀረ ብዬ ጽፌ ባቀርብለት ቀይ እርሳሱን አውጥቶ ሰረዘው። "ይህ ማንን ደስ ያሰኛል?" አለኝ። ድልድይ የተሠራ እንደሆነ ንገረኝ አለ። እኔና ጋሽ ገልገሎ ተያየን።

መላ መፈለግ ነበረብን፣ ፈለግን። በዚያው ሰሞን የአውራጃው ምክትል ሹም ወደራ ሊሄዱ ተነስተው ከወንዙ ዳር ተመልሰዋል። እንግዲያው ወሬውን እንዲህ ብዬ ጀመርኩት፤ ክቡርነታቸው ለሕዝቡ ካላቸው ፍቅር የተነሳ ወደራ ለመድረስ ብርቱ ጥረት አድርገው፣ ድልድዩ በመወሰዱ እጅግ እያዘኑ ተመለሱ። አቶ ሳህሉ አነበበና "አየህ፣ አሁን ገባህ" ብሎ ፈረመ። ብዙ ወር እንዲህ ሠራን። የውሃውን ወሬ በግብዣው ሆድ ውስጥ፣ የሽፍታውን ወሬ በምርቃቱ ሥር እየደበቅን አሳለፍን። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ራሴን እጠይቃለሁ፤ የሠራሁትን ሥራ ደብቄ ማሳለፍ ምን ማለት ነው?

ከእኔ ይልቅ ጋሽ ገልገሎ ላይ ከፋ። አንድ የገበያ ቀን አቶ ሳህሉ በከብት ተራው ሲያልፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አያቸው። ከሰው ጋር ናቸው፣ ዝም ብለዋል፣ ሰውየውም ዝም ብሏል። ቢሮ ሲመለሱ "መንግሥት የሚከፍልህ ለመቀመጥ ነው?" አላቸው። አንተ አላቸው። ሽበታቸውን እያየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከበሩ ላይ ቆመው ባለጉዳይ እንዲያስገቡ አዘዘ። እኔ "ጌታዬ፣ እሳቸው እኮ ወሬ የሚያመጡልን" ብዬ ስጀምር "ወሬ አንተ አምጣ" አለኝ። ጋሽ ገልገሎ ዱላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

የበሽታው ጭምጭምታ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ከሜጋ በኩል የከብት ወረርሽኝ ገብቷል የሚል ወሬ በነጋዴ አፍ ደረሰ። ከብቱ ዓይኑና አፍንጫው ይፈስሳል፣ ያስቀምጠዋል፣ ሳይቆይ ይወድቃል። በዚያው ሰሞን አንድ የከብት ሐኪም ክትባት በበረዶ ሳጥን ይዞ ነገሌ ገብቶ ነበር። መድኃኒቱ ለአንድ ወገን ብቻ የሚበቃ ነው፣ በረዶው ከቀለጠም ይበላሻል። ወይ ወደ ሜጋ፣ ወይ ወደ ወደራ መሄድ አለበት። የሜጋ ሬዲዮ መገናኛ ተበላሽቷል። የገዥው ጽሕፈት ቤት ታዲያ "ወሬ ክፍል ሄዶ አይቶ ያሳውቀን፣ በዚያ እንወስናለን" ብሎ አዘዘን። ሐኪሙ ለእኔ "የታመመውን አላድነውም፣ ያልታመመውን ግን ዛሬ ነገ ከደረስኩበት ይተርፋል" አለኝ።

ጋሽ ገልገሎ ሰሙ። ከበሩ ላይ ገብተው በአቶ ሳህሉ ጠረጴዛ ፊት ቆሙ። በሕይወታቸው ሲለምኑ ያየሁት ያን ቀን ነው።

"ጌታው፣ እኔ ልሂድ። እዚያ ያለው ወንድሜ ነው። ያለችኝ ጥሪትም እዚያ ናት።"

"በመንግሥት መኪና ወንድምህን ልትጠይቅ?" አለ አቶ ሳህሉ። "እኔ ራሴ እሄዳለሁ። ገዥው የጠየቁት ኃላፊውን ነው።"

ለማስተርጎም ኦሮምኛ የሚያውቅ አንድ ዘበኛ ያዘ፣ ለመጻፍ እኔን ያዘ። ላንድሮቨሯ ስትነሳ ጋሽ ገልገሎ ወደ መስኮቱ መጡና በቀስታ "ጃተኒ ይናገራል። ብቻ ጠብቁት" አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

መንገድ አድረን በማግስቱ ረፋድ ላይ ከሜጋ ወዲያ ከጃተኒ መንደር ደረስን። ከመኪናው ሳልወርድ ነገሩ ገባኝ። የከብት አጥሩ ላይ ቆዳ ተሰጥቷል፣ አንድ ሁለት አይደለም። ጥጃ ሲጮህ አይሰማም። ጃተኒ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋሽ ገልገሎን ቁርጥ ሽማግሌ ናቸው። ከግራር ጥላ ሥር በርጩማ አስመጥተው አስቀመጡን፣ ሌሎች ሽማግሌዎችም ከበቡ። አቶ ሳህሉ መነጽሩን ጠርጎ በዘበኛው አፍ ጠየቀ።

"ሕዝቡ ሰላም ነው?"

"ናጋ" አሉ ጃተኒ።

"ከብቱ ሰላም ነው?"

"ናጋ።"

"ሣሩ፣ ውሃው?"

"ናጋ፣ ናጋ።"

ከዚያ ጃተኒ ዝም አሉ። ሽማግሌዎቹም ዝም አሉ። ወደ ቤቱ ምልክት ሰጡ፣ አንዲት ሴት ወተት ልታመጣ ሄደች። እኔ በልቤ እሺ፣ አሁን ነው፣ ጥቂት ነው የቀረው እላለሁ። አቶ ሳህሉ ሰዓቱን አየ። እንደገና አየ። ብድግ አለ።

"በል፣ ሰላም ነው። ተመስገን። እንሂድ።"

እጄን ዘርግቼ "ጌታዬ፣ ይቀመጡ። ይኼ ሰላምታው ነው፣ ወሬው ገና ነው" አልኩት።

"ሰውየው በአፉ ሰላም ነው እያለኝ አንተ ከብትህ ሞቷል ልትለው ነው?"

"ቆዳውን ይዩት።"

"ቆዳ የሌለበት የከብት አገር የት አለ?" አለና ወደ መኪናው አመራ። ጃተኒ ተነሱ፣ ጥቂት ተከተሉት፣ በኦሮምኛ ገና አልተነጋገርንም አሉ። ዘበኛው ሰማ። ዘበኛው የሚፈራው አለቃ ነበረውና "መልካም መንገድ ይላሉ" ብሎ አስተረጎመ። እኔ ኦሮምኛዬ ሰው የሚስቅበት ቢሆንም ይህችን አላጣትም፤ "ገና አልተነጋገርንም ነው ያሉት" ብዬ ጮህኩ። አቶ ሳህሉ በሩን ዘግቶ በመስኮቱ "ትወጣለህ አትወጣም?" አለኝ።

አልወጣም አልኩት። ጥሎኝ ሄደ።

አቧራው ሳይረግፍ ሴትዮዋ ወተቱን ይዛ መጣች። ከዕቃው ሥር የምትታይ ጥቂት ወተት ናት። ጃተኒ ተቀብለው ለእኔ ሰጡኝና "ያ ትልቅ ሰው ምን ሆኖ ሄደ? ምን አስቀየምነው?" አሉኝ። ምን ልበላቸው? ቸኩሎ ነው አልኩ። ወተቱን ጠጣሁ፣ ተቀመጥን፣ ጠበቅሁ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ" አሉ።

ግማሹ አልቋል። የታመመው ለብቻው ተነጥሏል። ወዲያ ማዶ ባለው ግጦሽ ላይ ግን ያልተነካ መንጋ አለ፣ የጋሽ ገልገሎም ላሞች እዚያ ውስጥ ናቸው። ወስደው አሳዩኝ። ቀይ ላም፣ ቡራቡሬ ላም፣ ጥጆች፤ በጤናቸው ይግጣሉ። "መድኃኒት አለ ሲሉ ሰምተናል። ለእሱ ነው የመጣችሁት ብለን ነበር" አሉኝ ጃተኒ። የነገሩኝን ሁሉ መልሼ ነገርኳቸው፣ እንዲህ ብለዋል ብዬ ልናገር አልኳቸው። ተናገር አሉኝ።

ሜጋ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ሶዳ ከሚባለው ቦታ ጨው የጫነ መኪና አገኘሁና ጨው ላይ ተኝቼ ተነሳሁ። መኪናው መንገድ ላይ ከሥሩ የሚሸከመው ብረት፣ ባሌስትራው፣ ተሰበረ። ሹፌሩን ለመንኩ፣ ተሳደብኩ፣ አብሬው ከሥር ገብቼ ጭቃ በጭቃ ሆንኩ። ነገሌ የገባሁት የከብት ሐኪሙ መኪና ወደ ወደራ ከሄደ በኋላ ነው። አቶ ሳህሉ ደርሶ፣ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም አሳርፎ አስተላልፎታል። በድምፅ ማጉያው ሳይቀር ተነቧል። የሜጋ አካባቢ ሕዝብ በፍጹም ሰላም ይኖራል፣ ከብቶቹም ወፍረው በለምለም ሣር ላይ ተሰማርተዋል፣ ኃላፊው በደረሱበት ሥፍራ ሁሉ የሞቀ አቀባበል ተደርጎላቸዋል። አዲስ አበባም መጀመሪያውን ቆርጦ በሬዲዮ አሰማው።

ጋሽ ገልገሎ በሩ ላይ እንደቆሙ ናቸው። የድምፅ ማጉያውን ወሬ ሰምተዋል። ለእሳቸው ያ ወሬ አይደለም፣ ሰላምታ ነው፤ ሰላምታ መሆኑን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ስመጣ አዩኝ። ሮጬ ልነግራቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን ዘረጉልኝና ጨበጡኝ።

"አካም" አሉኝ።

"ጋሽ ገልገሎ..."

"አካም።"

ገባኝ። "ናጋ" አልኩ።

"ጃተኒስ?"

"ናጋ።"

"ቤተሰቡስ?"

"ናጋ።"

"ከብቱስ?"

እንዴት ብዬ ልናገረው። ዓይናቸውን ከዓይኔ አልነቀሉም፣ እጄንም አልለቀቁም። "ናጋ" አልኩ፤ እንባዬ መጣ። ሣሩን ጠየቁኝ፣ ውሃውን ጠየቁኝ፣ መንገዱን ጠየቁኝ። ሁሉንም መለስኩ። ከዚያ እጄን ለቀቁና ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ፣ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ዝም አልን። ጉሮሮዬን ጠረግሁና ነገርኳቸው። ጨርሼ ስነሳ ጭቃዬን እያራገፍኩ ሄጄ አቶ ሳህሉ ጠረጴዛ ላይ በጡጫ መታሁ።

"ከብቱ እያለቀ ነው። ሐኪሙን ይመልሱት።"

እሱ ምን አለኝ መሰላችሁ? ቀይ እርሳሱን አስቀመጠና በዚያ በሚያምር ድምፁ "እኔ ያልሰማሁትን አልጻፍኩም። አንተም ነበርክ። ሽማግሌው ሰላም ነው አለ። ውሸት ከሆነ የዋሸ እሱ ነው" አለኝ።  ከብቱ ያለቀበት ሰው እንግዳውን በክፉ ቃል አልቀበልም ብሎ ሰላሙን ቢሰጠው፣ ሰላሙን አንገቱ ላይ ገመድ አድርጎ አጠለቀለት።

ከጋሽ ገልገሎ ጋር የገዥው ጽሕፈት ቤት ሄድን። ጸሐፊው ጨዋ ሰው ነው፣ ሰማን፤ ግን "ማኅተም ያረፈበት ወሬ ይዘን የእናንተን የአፍ ወሬ እንዴት እናምናለን?" አለ። ለምነን፣ ደጅ ጠንተን፣ በመጨረሻ ወደ ወደራ መልእክተኛ ተላከ። ሐኪሙ ሲመለስ ግማሹን መድኃኒት እዚያ ወግቶበታል፣ የቀረውን ሳጥን ከፍቶ አሳየኝ። በረዶው ውሃ ሆኗል። ሳጥኑን መሬት ላይ ጥሎ በእርግጫ መታው። አዲስ መድኃኒት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ በሽታው አልጠበቀም።

ጋሽ ገልገሎ በዚያው ዕለት ጭነት መኪና ላይ ወጥተው ሜጋ ወረዱ። የወንድም ነገር ነው፣ የመሄጃ ፈቃድ ማን ያስታውሳል። አቶ ሳህሉ ግን አስታወሰ። ወረርሽኙ እውነት መሆኑ ታውቆ ከበላይ ጥያቄ ሲመጣበት፣ አስተርጓሚው ሥራውን ጥሎ በመጥፋቱ ወሬውን ማጣራት አልተቻለም ብሎ መለሰ። የሄዱት እኛ ከተመለስን በኋላ ነው እኮ! ማን ይስማ። ከሥራ አሰናበታቸው። እኔ የጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ይርጋለም ድረስ ሄጄ አቤት አልኩ፣ የሚሰማኝ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ሳልቆይ ሞያሌ ተዛውረሃል ተባልኩ። አቶ ሳህሉ ደግሞ አውራጃውን በደስታ ወሬ የሞላ ሰው ተብሎ ወደ ላይ ወጣ፣ ከዚያም ወደ ላይ። እግዜር ያሳያችሁ።

ሞያሌ ወሬ አይጠፋም። መኪና ከወዲያ ይመጣል፣ ግመል ከወዲህ ይሄዳል፣ የቀረጡ ሰዎች ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። ብዙ ዓመት ሠራሁበት። አለቃ መጣ፣ አለቃ ሄደ፤ የሚያውቅም ነበረ፣ የማያውቅም ግን የሚጠይቅ ነበረ። የሚጠይቁትን ወደድኳቸው። ከእኔ ጋር የሠሩ ልጆችን ሁሉ ከገበያው ጥግ አስቀምጬ እስክሪብቶአቸውን አስከተትኳቸው።

አንድ ጊዜ ወደ ነገሌ ስወጣ ሜጋ ላይ መኪናችን ቆመ። ከበርሜል ውሃ እየቀዱ የጭነት መኪኖች ራዲያተር ውስጥ የሚሞሉ ሽማግሌ አየሁ። ጋሽ ገልገሎ ናቸው። ባልዲያቸውን አስቀመጡና እጄን ያዙ። አካም፣ ናጋ። ጃተኒስ? ናጋ። እንግዲህ ጠያቂው እኔ ነኝ፣ ተራው ከከብቱ ላይ ደረሰ። ዘልዬው ልለፍ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እጄን እንደያዙ ጠበቁኝ።

"ከብቱስ?" አልኩ።

"ናጋ" አሉ።

ጨረስን። ከበርሜሉ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ፣ አልተነሳሁም። ብዙ ቆይተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ፣ አንድም የለ" አሉኝ።

የሞቱት እዚያው ሜጋ ነው። የነገረኝ አንድ የጨው መኪና ሹፌር ነው።

እንግዲህ ወደ ሽኝቱ ልመለስ። አቶ ሳህሉ ጸጉሩ ሸብቷል፣ ሆዱ ገፍቷል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። ስለ አገልግሎቴ አሞገሰኝ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ሰዓቱን ሰጠኝና ከጎኔ ካለው ወንበር ላይ አረፍ አለ፣ ጉልበቴንም መታ መታ አደረገኝ።

"እህ፣ አቶ መንገሻ፣ ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ" አልኩት።

"ቤተሰብስ?"

"ደህና ናቸው።"

"ጤናስ? የቦረና ሰዎችስ፣ ያ አገርስ?"

"ሁሉም ሰላም ነው" አልኩት።

ከዚያ ዝም አልኩ። እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መሬት መሬት እያየሁ ጠበቅሁት። ስንት ዓመት ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ ያኖርኩት ሁሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቷል። ጥቂት ቢቀመጥ ኖሮ፣ ጥቂት ብቻ። ጉሮሮዬን ስጠርግ ሰዓቱን አየ። "በል፣ ሰላም ከሆነማ ተመስገን" ብሎ ብድግ አለና ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄደ።

ሰላምታውን ወስዷል። የቀረው ወሬ ይኸው ነው።